በልክ የተሰፋ ብስክሌት

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መርፌ» የሚላት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ቀጭን ናት፣ በጠበበ ቦታ ሾልካ ታልፋለች፣ ሲነኳት ደግሞ ትወጋለች። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው እየተባለ ይወራል። እሱ ግን በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከእሳት ጋር ውሎ ከመርፌ ጋር መጋጨት ስለማይፈልግ እስከ ዛሬ አላመነም።

ሱቋ መንገድ ዳር ያለች አንድ ክፍል ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ መሃል፣ ካውያው ጥግ ላይ፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ብስክሌቷ። ደንበኛ ልብስ ሊለካ በሩን ሲዘጋ መጀመሪያ የሚያፈጥበት ብስክሌቱ ነው። «ይሄም ሊሰፋ የመጣ ነው?» ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም።

«አዎ፣ ሱሪ ጠብቦት ነው» ትላለች፣ ራሷን ከጨርቁ ሳታነሳ።

ብስክሌቱ ድሮ የባሏ ነበር። ባሏ የመብራት ምሰሶ የሚያህል ሰው ነው፤ ብስክሌቱም እንደ ባለቤቱ ረጅም፣ ጥቁርና ዝምተኛ። ሰውየው ብየዳ ቤቱን ከግቢው ኋላ ሲከፍት በብስክሌት የሚሄድበት ሥራ አጣ፤ ብስክሌቱም ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ያስነሳችው እሷ ናት። ሴት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ የግቢውን በር ዘግታ፣ ግድግዳውን እየታከከች፣ ክርኗ እየተፋቀ ተማረች። የግድግዳው ቀለም በእሷ ክርን ከፍታ ላይ እስከ ዛሬ የለም።

ከዚያ ወዲህ ማን ይያዛት! ያለቀ ልብስ የፊት ቅርጫቱ ውስጥ አጣጥፋ ታደርሳለች፤ ከቤት መውጣት ያቃታቸው አሮጊቶች ዘንድ ሄዳ ትለካለች። እሁድ ጠዋት ደግሞ ምንም ሳትይዝ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ የውሃ ታንከሩ ወደቆመበት ዳገት ትወጣለች። ከዚያ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ይታያል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የተሰጣው ልብስ፣ የባሏ ብየዳ ቤት። «እዚያ ስወጣ የሳምንቱ ጭምትርትር ሁሉ ይተኮስልኛል» ትላለች።

ነገሩ የጀመረው ከአውራ ጣቷ ነው። የቀኝ እጇ አውራ ጣት ሥሩ ላይ ጠዝጠዝ ይላት ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ መቀስ ሲጨብጥ የኖረ ጣት ነውና ቢያመው አይፈረድበትም ብላ ዝም አለችው። ጣቱ ግን ዝም አላለም። ህመሙ ወደ አንጓዋ ተሻገረ፤ የጣሳ ክዳን መክፈት፣ ቁልፍ ማዞር፣ እርጥብ ጨርቅ መጭመቅ ሁሉ ጠላት ሆነባት። ካውያ ስታነሳ «ውይ!» ማለት ለምዶባት፣ ካውያውን የምታነጋግረው የሚመስለው ደንበኛ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄደች። የእጅና የእግር ሕክምና ባለሙያዋ ረጋ ያለች ወጣት ናት፤ አውራ ጣቷን እያገላበጠች ካየች በኋላ፣ «እናቴ፣ የጣትዎ ጅማት አብጧል፤ አንጓዎም ተጎድቷል። ያስታግሱታል እንጂ ጨርሼ ልሰናበተው ቢሉ አይሆንልዎትም። ጠባዩን እያወቁ አብረውት ይኖራሉ» አለቻት።

«እንደ ባል ማለት ነው?»

ባለሙያዋ ሳቀች። «እንደ ባል ነው። ብቻ ይሄኛው ላይ ክብደት አይጫኑበት። እጅዎ ላይ አይደገፉ፤ አንቀው አይጨብጡ፤ ሲብስብዎት ያሳርፉት።»

«ብስክሌትስ?»

«እጅዎ ላይ ሳይደገፉ መንዳት ከቻሉ ማን ይከለክልዎታል?»

እትዬ መርፌ ከተነገራት ሁሉ «ማን ይከለክልዎታል» የምትለዋን ብቻ ይዛ ወጣች። እጇን ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ ተሰጥቷት ነበር። መልኩ ዝናብ የመታው አስፋልት ይመስላል ብላ በቀይ ቬልቬት ለበጠችው።

ከዚያ የጎመኑ እሁድ መጣ።

ከዳገቱ እየወረደች ነው። ቁልቁለቱ መጨረሻው ላይ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ አትክልት ሻጯ ጎመኗን ከምራ ትቀመጣለች። እትዬ መርፌ ፍሬን ልትይዝ ቀኝ እጇን ስትጨብጥ አውራ ጣቷ ሥር እንደ ጋለ ሽቦ የሆነ ነገር ወጋት። እጇ እሷን ሳያስፈቅድ ተከፈተ። ግራው ብቻውን ያን ረጅም ብስክሌት መመለስ አልቻለም። አትክልት ሻጯ «ኧረ እትዬ! ኧረ ጎመኔን!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ቀጥሎ የታየው ብስክሌቱ ተገልብጦ፣ እትዬ መርፌ ጎመን መሃል ተቀምጣ፣ ቀይ ቬልቬቷን ወደ ሰማይ አንስታ ነው።

«ተረፍሽ?» አሏት ተሯሩጠው የመጡት።

«እኔስ ተርፌያለሁ፤ ጎመኑን ጠይቁት።»

ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ባሏ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ሮጦ ደርሶ ነበር። እሱ አልሳቀም።

የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ባሏ አለ፤ ሴት ልጇ አለች፤ ማንም ያልጠራው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ደህናው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዋርሳዋ ባለ ልኳንዳ ነው። በር ሲገባ ሆዱ ይቀድመዋል፤ ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ካለው ቀን ጀምሮ ዓይኑ ከዚያ ብስክሌት ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው» አለ። «እያየሽው ከሚበላሽ እኔ ጋ ይሁን። ከዘመድ እጅ አልወጣ።»

«የሚበላሸው ማን ነው? እኔ ነኝ ብስክሌቱ?»

«ሁለታችሁም!»

ልጇ ጣልቃ ገባች። «እማዬ፣ ዛሬ ጎመን ነው። ነገ መኪና ቢሆንስ?»

«ይብቃሽ» አለ ባሏ። «ብረት ቢሰበር እበይደዋለሁ። አንቺ ብትሰበሪ በምን እበይድሻለሁ?»

ለቀልድ የተከፈተው አፏ ባዶውን ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር፣ ዋርሳዋ ያቺን ዝምታ አይቶ እጁን እያፋተገ «እንግዲህ ነገ በጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ» ባይል ኖሮ እሺ ብላ ነበር።

«ቆይ!» አለች፣ ብድግ ብላ። «የሚመጣውን ሳይሆን የሚቀጥለውን እሁድ ታንከሩ ድረስ እወጣለሁ፤ እወርዳለሁ። ሳልወድቅ፣ ማንንም ሳልገጭ፣ ጎመኑ ፊት ለፊት በገዛ እጄ አቆመዋለሁ። ካቃተኝ ብስክሌቱን ራሴ ገፍቼ ልኳንዳህ በር ላይ አቆምልሃለሁ። ከቻልኩ ግን ከእንግዲህ ስለ ብስክሌቴ ማንም አፉን እንዳይከፍት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጇ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ባሏ ራሱን ነቀነቀ፤ ዋርሳዋ በማግስቱ ደወል ገዛ። አዎ፣ ብስክሌቱ እጁ ሳይገባ የብስክሌት ደወል ገዛ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው። ደወሉን ልኳንዳው መስኮት ላይ አስቀምጦ ሥጋ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ በቅጭልታው ያደነቁር ጀመር።

እትዬ መርፌም ሥራዋን ጀመረች። እጄን የሚያመኝ ብረቱ ደረቅ ስለሆነ ነው አለች፤ ደረቁን ማለስለስ ደግሞ ሙያዋ ነው። የኮት ትከሻ ውስጥ የምታስገባውን ስፖንጅ አውጥታ መሪው ላይ ደራረበች፣ በሱፍ ጠቀለለችው፣ ዙሪያውን በእጇ ሰፋችው። ሥራው ሲያልቅ አማረ። መሪው ትከሻው የሰፋ ጄኔራል መሰለ።

«ማዕረጉ ብቻ ነው የቀረው እማዬ» አለች ልጇ።

ሲሞከር ጉዱ ፈላ። መሪው ከመወፈሩ የተነሳ ጣቶቿ ዞረው አይገናኙም፤ ልጨብጥ ስትል አውራ ጣቷ ይበረገዳል። ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሳ ስትመለስ እንባዋ ሳትጠራው መጣ። ያን ቀን መቀስ እንኳ ማንሳት አቅቷት ጨርቅ በግራ እጇ እያገላበጠች ዋለች። የስፌት መኪናው ዝም፣ ካውያው ቀዝቃዛ። ባሏ ሻይ ይዞላት መጣ፤ ስፖንጅ የለበሰውን መሪ አየ፤ ኩባያውን በግራዋ በኩል አስቀምጦላት ወጣ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች ለራሷ። ጎመኑ ትዝ አላት።

የተባለው እሁድ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዋርሳዋ ሱቋ ገባ፤ ሆዱ ቀድሞ፣ እሱ ተከትሎ።

«እትዬ፣ ብስክሌት ሲነዳ የሚለበስ ጃኬት ስፊልኝ።»

«ብስክሌቱስ የታል?»

«እሱማ አንቺ ጋ ነው። ለጊዜው።»

የተዘጋ አንጀቷን በሳቅ ከፈተላት። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። እሱ ግን እስክትለካው መች ታግሶ! ለሌላ ደንበኛ ተሰፍቶ ማንጠልጠያ ላይ ያለ ኮት አውርዶ አጠለቀ። ኮቱ የአንድ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። እጅጌው የዋርሳዋን ጣቶች ዋጣቸው፤ ጀርባው ደግሞ እንደ ከበሮ ተወጠረ። እጁን ልዘርጋ ሲል መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ኧረ አንገቴን ያዘኝ! ኧረ እጄን!»

«አውልቀው! የሌላ ሰው ልክ ለብሰህ እጄን አመመኝ ትላለህ? እጅህ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የእጅህ ሳይሆን የ...»

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኗ የዋርሳዋን ትከሻ አልፎ ከበሩ ጀርባ ሄደ።

ብስክሌቱ ቆሟል፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ዝምተኛ። የመብራት ምሰሶ ለሚያህል ሰው የተሠራ። የእሷ ቁመት ደግሞ ከባሏ ብብት አያልፍም።

ስንት ሰው አልብሳለች! እጅጌው በአንዲት ጣት ያጠረበት ደንበኛ ከሱቋ ቢወጣ እንቅልፍ አይወስዳትም። «ልብስ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለልብስ አይሰፋም» እያለች ተለማማጅ ሁሉ ስትቆጣ የኖረች ሴት፣ ራሷ የባሏን ኮት ለብሳ ዳገት ስትወጣ ኖራለች! መሪው ሩቅ ነው፤ ለመድረስ ትንጠራራለች፤ ስትንጠራራ ገላዋ በሙሉ እጇ ላይ ይወድቃል። «እጅዎ ላይ አይደገፉ» ያለቻት ባለሙያ ድምፅ አሁን ገና ጆሮዋ ገባ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ለካ ቁም ነገሩ ብረቱን ማለስለስ አልነበረም፤ ብረቱን ወደ እሷ ማምጣት ነው።

«እትዬ፣ ደህና ነሽ?» አለ ዋርሳዋ፣ ግማሽ ገላው ኮቱ ውስጥ እንዳለ።

«እንደ ዛሬም ደህና ሆኜ አላውቅ! ና ብስክሌቱን ደግፍልኝ።»

ምስኪን ዋርሳ! ሊወስደው የጎመጀውን ብስክሌት በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ያዘላት። ላዩ ላይ ወጣች፤ ጀርባዋን አቃናች፤ ዓይኗን ጨፈነችና እጆቿን ማረፊያቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ለቀቀቻቸው። እጆቿ መሪው ጋ አልሄዱም። ከወገቧ ከፍ ብለው፣ ከሆዷ ትንሽ ፈቀቅ ብለው አየር ላይ ቆሙ፤ መዳፍ ለመዳፍ እየተያዩ፣ አንጓዋ ቀጥ እንዳለ፣ ሕፃን በብብቱ ሊያነሳ እንደተዘጋጀ ሰው።

«በል አሁን ሜትሩን ያዝና ከኮርቻው እስከ መዳፌ ለካ!»

«ብስክሌቱንስ ማን ይያዘው?»

«በሆድህ ደግፈው። ዛሬ ገና ሥራ አገኘ።»

ዋርሳዋ ምን እንደሚለካ ሳያውቅ ለካ፤ እሷ ያለውን ሁሉ በጭንቅላቷ ያዘች። እሱ እንደወጣ፣ ልብስ ከመቁረጧ በፊት ልኩን የምትነድፍበትን ቡናማ ወረቀት ዘረጋች። መሪውን እንደ እጅጌ ነደፈችው፤ ወደ ላይ የሚነሳበትን፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍበትን፣ መዳፏ የሚያርፍበትን። ሁለቱን ፍሬኖች አንድ ላይ አጋጥማ በግራ በኩል አደረገቻቸው፤ በአራት ጣት የሚሳብ አንድ ረጅም ማንሻ፣ አውራ ጣት የማይጠራበት። ከዚያ በግራ እጇ እየተንገዳገደ በሚሄድ መቀስ ቆረጠችው።

ወረቀቱን ይዛ ብየዳ ቤት ገባች። ባሏ የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። ብልጭታውን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ይሄን ሥራልኝ።»

መነጽሩን አነሳ። ወረቀቱን አገላበጠ። «ምንድን ነው? እጅጌ?»

«የብስክሌት እጅጌ።»

ነገሩ ሲገባው ወረቀቱን መለሰላት። «አልሠራም። የምትወድቂበትን በገዛ እጄ ልሥራልሽ?»

«የማልወድቅበትን ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ ብስክሌቱን ጠልቼ አይደለም። ያን ቀን ጎመኑ ውስጥ ሆነሽ ሳይሽ... ስትስቂ እስክሰማ ድረስ እኔ...» አልጨረሰውም። መዶሻ አነሳ፤ የሚመታው ነገር ሲያጣ መልሶ አስቀመጠው።

እትዬ መርፌ መውጋት አላማራትም። «አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ስማኝ። መቀሱን አልተወው፤ መተዳደሪያዬ ነው። ህመሙም እንደማይለቀኝ ተነግሮኛል። እንግዲህ የሚያመኝ ላይቀር፣ ደስ የሚለኝን ወስደህ ህመሙን ብቻ ልትተውልኝ ነው?»

ሰውየው ወደ ፍርግርጉ ዞረ። እሷም አልጨቀጨቀችው። ከደረቷ ላይ መርፌ ነቅላ ወረቀቱን የበሩ እንጨት ላይ ሰክታው ወጣች።

በማግስቱ ወረቀቱ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀን እዚያው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ወረቀቱ አንድ ሲሆን ሞኞቹ ሁለት ስለነበሩ ማን ማንን እንደያዘ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። ምሳ ላይ ስለ ጨው ብቻ ተነጋገሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ከበሩ ጀርባ ብስክሌቱ የለም። ልቧ ስንጥቅ አለ። «ያ ሆዳም ወሰደው!» ብላ ወደ ልኳንዳው ልትሮጥ እግሯን ስታነሳ ከግቢው ኋላ ድምፅ ሰማች። ብረት የሚቆርጥ መጋዝ ነው።

ኮቴዋን አጥፍታ ሄዳ በበሩ ስንጥቅ አየች። ባሏ ቡናማውን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቶታል። የታጠፈ ቱቦ ላዩ ላይ ያስቀምጣል፣ ያነሳል፣ እሷ ጨርቅ ላይ እንደምታደርገው በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፣ ዓይኑን ያጠባል። የምላሱ ጫፍ በከንፈሩ ጥግ ወጥቷል፤ ሙሽራ ሳለ መስኮታቸውን ሲሠራም እንዲሁ ነበር። አልገባችም። ሱቋ ተመልሳ፣ የምትሰፋው ባይኖርም፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን ገፍቶ አመጣላት። መሪው ወደ ላይ ተነስቶ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ኋላ ታጥፏል። በግራ በኩል ያ ረጅም ማንሻ አለ፤ ጫፉን ጣት እንዳይቆርጥ አለስልሶ ሞርዶታል።

«ውጪበት» አለ።

ወጣች። እጆቿ ሳይንጠራሩ ሄደው ቦታቸውን አገኙ።

«ልክሽ ነው?»

እትዬ መርፌ ልብስ የተስማማው ደንበኛ መስታወት ፊት የሚያደርገውን አደረገች፤ ዝም ብላ ፈገግ አለች። ወዲያው ግን፣ ካልወጋች መርፌ አትባልምና፣ «እጅጌው ትንሽ ሳይጠበኝ አይቀርም» አለች።

«ሂጂ ወዲያ!» አለ ባሏ። ሳቀም። ከጎመኑ ወዲህ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እሁድ ጠዋት ሰፈሩ መንገድ ዳር ወጣ። ዋርሳዋ ልኳንዳውን ዘግቶ ደወሉን ኪሱ ከቶ መጣ፤ በተራመደ ቁጥር ኪሱ ይቃጭላል። አትክልት ሻጯ ጎመኗን እንድታነሳ ቢመክሯትም፣ «ካነሳሁትማ አላመነችኝም ብላ ትቀየመኛለች» አለች። ጎመኑን አላነሳችም፤ ግን ከፊቱ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች።

እትዬ መርፌ ቀይ ቬልቬቷን አሰረችና ተነሳች።

«እዩዋት! ወንበር ላይ ተቀምጣ እኮ ነው የምትሄደው!» አለች ልጇ።

እውነትም ጀርባዋ ቀጥ፣ አንገቷ ቀና ብሏል። ዳገቱ ሲጀምር ፍጥነቷ ቀነሰ እንጂ አልተንገዳገደችም። ድሮ እዚህ ጋ መሪው ላይ ተደፍታ ትታገል ነበር፤ አሁን ሥራው ከእጇ ተነጥቆ ለእግሯ ተሰጥቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እሷማ ሁለት ጎማ አላት።

ከእኩሌታው ትንሽ አለፍ እንዳለች፣ ከመንገዱ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ባለበት፣ ያ የምታውቀው ጥዝጣዜ መጣ። መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ እንደ ጩኸት። አዲሱ መሪ ብረት ነው እንጂ ተአምር አይደለም። አንጓዋ ጋለ፤ አውራ ጣቷ በራሱ ልብ መምታት የጀመረ መሰላት። ድሮ ቢሆን ጥርሷን ነክሳ፣ መሪውን አንቃ ትጨርሰው ነበር፤ ኩራቷ ከታንከሩ በላይ ነበርና። ጎመን ውስጥ የከተታትም ያው ኩራት ነው።

ወረደች።

ከታች ጫጫታ ተነሳ። «ወረደች! አቃታት!» ዋርሳዋ ደወሉን ከኪሱ አወጣ።

«መልሰው» አለ ባሏ፣ ዓይኑን ከዳገቱ ሳይነቅል። «እወጣለሁ አለች እንጂ አላርፍም አላለችም።»

ላይ፣ እትዬ መርፌ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ማሰሪያዋን ፈታች። ባለሙያዋ እንዳሳየቻት እጇን ወደ ታች ለቀቀችው፤ ቀስ አድርጋ አወዛወዘችው፤ በግራዋ ደግፋ አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። የሰዎቹ ድምፅ ይሰማታል፤ ፊቷ ትንሽ ጋል አለ። ከዚያ አሰበችው። ኮትስ ቢሆን በአንድ ክር ተሰፍቶ ያልቃል እንዴ? ክሩ ያልቃል፣ ይቋጠራል፣ ሌላ ይገባል፣ ስፌቱ ይቀጥላል። ኮቱን ለብሶ የሚንጎራደድ ሰው ክሩ የት ጋ እንደተቀጠለ አያውቅም። ጩኸቱ ወደ ሹክሹክታ ሲመለስ ማሰሪያዋን አሰረች፤ ኮርቻው ላይ ወጣች፤ ቀጠለች።

ታንከሩ ሥር ስትደርስ በግራ መዳፏ መታችው። «ዷ!» አለ ታንከሩ፤ ታች ድረስ ተሰማ። ነፋሱ ላቧን ሲመታው ሰፈሩን ቁልቁል አየችው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ባሏን ለመለየት አልተቸገረችም፤ የመብራት ምሰሶ የት ይደበቃል! መነጽሩን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል።

«መውጣትማ የእግር ነው» አለች ለብስክሌቱ። «የእጅ ፈተናው መውረዱ ነው።»

ወረደች። የግራ አራት ጣቶቿ ማንሻው ላይ ናቸው፤ ቀኝ እጇ መሪው ላይ እንደ ወፍ ቀለል ብሎ አርፏል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። ድንጋዩን አለፈችው። መንገዱ እየተንደረደረ መጣ፤ ቀሚሷ ተርገበገበ፤ ቀኝ እጇ ድሮ እንደለመደው ልጨብጥ አለ፤ «አንተ ተቀመጥ!» አለችው ጮክ ብላ። መታጠፊያው መጣ። ጎመኑ መጣ። አትክልት ሻጯ ዓይኗን ጨፈነች፣ እጇን ግን አላጠፈችም።

እትዬ መርፌ በአራቱ ጣቶቿ ሳበች። ሁለቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ታዘዙ፤ አቧራው ተነሳ፤ ብስክሌቱ ተነፈሰና ቆመ። ከፊት ጎማው እስከ አትክልት ሻጯ ጫማ ስንዝር ያህል ነበር።

አትክልት ሻጯ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ጎመን አለ?» አለች እትዬ መርፌ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጭብጨባና ፉጨት ማን ይችለዋል! አትክልት ሻጯ ትልቁን ጎመን መርጣ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችላት፤ ልጇ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ባሏ ሰዉን ከፍሎ መጣ። ብስክሌቱን አላየም፤ ያየው እጇን ነው።

«አመመሽ?»

«አመመኝ። ነገም ያመኛል» አለች፣ ገና እያለከለከች፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። «እና?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «እና... የፍሬኑን ሽቦ ቅዳሜ ቅዳሜ አየዋለሁ» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ቅኔ ነው።

አሁን ሁሉም ወደ ዋርሳዋ ዞረ። ዋርሳዋ ደወሉን በመዳፉ ይዞ ቆሟል። መጣ፤ ሆዱ ቀድሞ።

«እንግዲህ ደወል ያለ ብስክሌት ምን ይሠራልኛል» አለና ዘረጋላት። ድንገት ፊቱ በራ። «ግን እትዬ፣ ይሄ እኮ በአውራ ጣት ነው የሚደወለው!»

«ለሱ አታስብ፤ ክር አለኝ።»

እስከ ዛሬ ከዚያ ደወል ምላስ ላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። በግራ ጣቷ ሳብ ስታደርገው ይጮኻል። ማለዳ ማለዳ ልብስ ልታደርስ በልኳንዳው ስታልፍ አንዴ ሳይሆን ደጋግማ ትስበዋለች። ዋርሳዋ ቢላዋውን እንደያዘ ብቅ ይልና፣ «ሰማን እትዬ! ሰማን!» ይላል።

ጃኬቱን በልኩ ሰፍታ ሰጥታዋለች፤ ሆዱን ሳታሳፍር፣ ትከሻውን ሳትጨቁን። እሁድ እሁድ እሱን ለብሶ ከኋላዋ በእግሩ ዳገቱን ይወጣል። እሷ ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ትወርዳለች፤ እጇን እያወዛወዘች ትጠብቀዋለች። እሱ እያለከለከ ይደርስና ጎኗ ዘጭ ይላል። የክሩን ነገር እዚያው ድንጋይ ላይ አጫውታዋለች።

«ክርሽ ዛሬም አላለቀም?» ይላታል፣ ትንፋሹ ሲመለስ።

«አለቀ፤ ቀጠልኩት» ትላለችና ኮርቻው ላይ ትወጣለች።